የዋግ መቀናጆ፦ በምንጃር አንድ የስንዴ ማሳ ላይ የደረሰው

መስከረም 20 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ ማክሰኞ ከሰዓት፣ አጎቴ ከባልጪ አካባቢ ደወሉልኝ። አጎቴ ሲደውሉ ሰላምታቸው ረጅም ነው። ከብቱ ይጠየቃል፣ ልጆቹ ይጠየቃሉ፣ ዝናቡ ይነሳል። ያን ቀን ግን ቀጥታ ወደ ነገሩ ገቡ።

«አንተ ልጅ፣ ስንዴው ቀላ ቀላ አለብኝ። ገብቼ ስወጣ ሱሪዬ የዛገ ብረት መሰለ። ምንድን ነው ይሄ?»

እኔ አረርቲ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ዘመድ ቤት እህልም ከብትም ሲታመም የሚደወለው ለእኔ ነው። «ቅጠሉ ላይ ነው?» አልኳቸው። «ቅጠሉም ላይ አለ» አሉኝ። ያቺን «ም» አልሰማኋትም። «የቅጠል ዋግ ይሆናል፣ አይደንግጡ፣ መጥቼ አየዋለሁ» ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። የሄድኩት ጥቅምት 1፣ ቅዳሜ ነው። አሥራ አንድ ቀን አልፏል። ለዚያ ስንዴ አሥራ አንድ ቀን ብዙ ነበር።

ይህ የዚያ ማሳ ታሪክ ነው። አጎቴ ማሳው ዳር ቆመው አንድ ጥያቄ ጠየቁኝ። ዋግ ፈንገስ ነውና፣ መልሱን ስፈልግ የፈንገስ ህዋሳት እንዴት እንደሚነጋገሩ፣ እንዴትስ ሁለት የነበሩት አንድ እንደሚሆኑ ማንበብ ጀመርኩ። ነገሩ የላቦራቶሪ ወሬ ብቻ መስሎኝ ነበር። አይደለም። እንጀራችንንና ዳቧችንን የሚነካ ጉዳይ ነው።

ማሳው

ማሳው ሁለት ጥማድ ነው፣ ግማሽ ሄክታር ገደማ። መሬቱ ዋልካ ነው። ስንዴው ሐምሌ አጋማሽ ላይ ተዘርቶ፣ እኔ ስደርስ ፍሬው ገና ወተት ነበር። ያን ዓመት ዝናቡ በጊዜው አልወጣም። ጥቅምት ገብቶም ያካፋ ነበር። ጠዋት ጠዋት ቅጠሉ ላይ ያደረው ጤዛ እስከ ሦስት ሰዓት አይደርቅም።

ከመንገድ ሲያዩት ስንዴው ደህና ነው። ጉዱ ገባ ሲሉ ነው። ሁለት እርምጃ ሳልሄድ ጫማዬ ቀላ። አንድ አገዳ ነቅዬ ወደ ብርሃን አዞርኩት። ከላይኛው አንጓ በታች የሸክላ መልክ ያለው፣ ረዘም ያለ ቁስል አለ። ጠርዙ እንደተቀደደ ወረቀት ወደ ውጭ ተገልብጧል። በጣት ሲዳስሱት ይሻክራል፣ ጣት ላይም ቀይ ዱቄት ይተዋል። የቅጠል ዋግ እንዲህ አይደለም። የእሱ ነጥብ ትንሽ፣ ክብ፣ ብርቱካንማ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚታየውም በቅጠሉ የላይኛው ገጽ ላይ ነው። ይሄኛው አገዳውን ይዟል፣ አገዳውን ያቀፈውን የቅጠል ክፍል ይዟል፣ ቅጠሉንም በሁለቱም ገጽ ይዟል። የግንድ ዋግ ነበር።

ከታችኛው ዳር ጀምሬ በየአሥር እርምጃው አሥር አሥር አገዳ አየሁ። በታችኛው ዳር ከአሥሩ ዘጠኙ ተነክቷል። መሃል ላይ ስድስት ሰባት። በላይኛው ዳር ሁለት ወይም ሦስት። የታችኛው ዳር በበጋ በመስኖ ሽንኩርት ከሚለማ መሬት ጋር ይዋሰናል። እዚያ የሽንኩርቱ መደብ ዳርና ዳር ላይ፣ ማንም ሳይዘራው ከረገፈ ፍሬ የበቀለ ስንዴ በጋውን ሙሉ ለምልሞ እንደከረመ አጎቴ ራሳቸው ነገሩኝ። ያን ጊዜ ማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩት እንጂ ብዙ አላሰብኩበትም።

ዘሩን አጎቴ ያገኙት ከሁለት ዓመት በፊት ከጎረቤት ነው፣ ጤፍ ሰጥተው። «የምርምር ነው፣ ዋግ አይነካውም» ተብለው ነው የወሰዱት። እውነትም ሁለቱን ዓመት አልነካውም። ከዚያችው መሬት በመጀመሪያው ዓመት 15፣ በሁለተኛው 16 ኩንታል አገቡ።

ጎረቤታቸው አጥሩን ተደግፎ «ጉም ነው ያመጣው» አለ። ከእውነት ብዙ አልራቀም። ዋጉን የሚያመጣው ነፋስ ነው። ቅጠሉ ላይ ያረፈው ብናኝ በቅሎ እንዲገባ ግን ቅጠሉ ለስድስት ስምንት ሰዓት ርጥብ ሆኖ መቆየት አለበት። ጉምና ጤዛ ያንን ይሰጡታል። ከገባ በኋላ አንድ ወይም ሁለት ሳምንት ድምፁን አጥፍቶ ይቆያል። ከዚያ ቆዳውን ቀዶ ይወጣል። አንድ ቁስል በሺህ የሚቆጠር አዲስ ብናኝ ለነፋስ ይሰጣል። እኔ «አይደንግጡ» ብዬ የቆየሁባቸው አሥራ አንድ ቀናት ለዋጉ አንድ ሙሉ ትውልድ ነበሩ።

አጎቴ አገዳውን ከእጄ ተቀብለው ገለባበጡት። ከዚያ ጥያቄው መጣ።

«አይነካውም የተባለ ስንዴ ነው። ሁለት ዓመትም አልነካው። እንግዲህ የተለወጠው ስንዴው ነው ወይስ ዋጉ?»

ሁለት ሌሊት

የታመሙትን አገዳዎች በጋዜጣ ጠቅልዬ አረርቲ ይዤ ገባሁ። የዋግ ናሙና በፌስታል አይያዝም፤ እርጥበቱ ታፍኖ ሻጋታ ይበላዋል። በወረቀት ተይዞ ይደርቃል። ይህን ከሚያነቡት አንዱ እንኳ ማሳው ላይ ዋግ ሲያይ ቢያስታውሰው ደስ ይለኛል።

ትምህርት ቤት አንድ የሚሠራ ማይክሮስኮፕ አለን። ቀዩን ዱቄት ስፖር እንለዋለን። ስፖር የፈንገስ ዘር ነው፣ በነፋስ የሚበር። ከአንዱ ቁስል በመርፌ ጫፍ ጠርጌ ስላይድ ላይ ባለ የውሃ ጠብታ መሃል ከመርኩት። ስላይዱን ሰሃን ላይ አድርጌ፣ ከሥሩ እርጥብ ጨርቅ አነጠፍኩ፣ ከላይ ሌላ ሰሃን ደፋሁበት። ጨለማ ውስጥ አሳደርኩት።

ጠዋት ሳየው ምንም የለም። ቡናማ ቀይ፣ ሞላላ፣ እሾህ እሾህ ያለው ፍሬ ተከምሮ ተቀምጧል። አንድም አልበቀለም። ሞቶብኛል አልኩ።

በሁለተኛው ሌሊት አልከመርኩትም። አገዳውን ከስላይዱ በላይ ይዤ በጣቴ አንዴ መታ አደረግሁት። እንደ ዱቄት ሳስቶ ተነሰነሰ። ጠዋት ዓይኔን ሳስጠጋ ያየሁትን አልረሳውም። ከአብዛኛው ስፖር ጎን ቀጭን፣ ጥርት ያለ ክር ወጥቷል። አንዳንዱ ከስፖሩ አሥር እጥፍ ይረዝማል። ያው ዋግ ነው፣ ያው ውሃ ነው፣ ያው ጨለማ ነው። ልዩነቱ መጨናነቁ ብቻ ነው።

ምክንያቱ የታወቀ ነው። የግንድ ዋግ ስፖር ሜቲል ፌሩሌት የሚባል ንጥረ ነገር ይዞ ይሄዳል። ብዙ ስፖር አንድ ቦታ ውሃ ሲነካው ንጥረ ነገሩ ውሃው ውስጥ ይጠራቀምና ሁሉንም እንዳይበቅሉ ይይዛቸዋል። ሳስተው ሲበተኑ ንጥረ ነገሩ በውሃው ታጥቦ ይሳሳል፣ ያኔ ይበቅላሉ። ዘዴው ግልጽ ነው። ዝናብ በመጣ ቁጥር እዚያው እናታቸው ቁስል ላይ ቢበቅሉ ሁሉም በከንቱ ያልቃሉ። መጀመሪያ ነፋስ ይበትናቸው፣ ሌላ ቅጠል ያግኙ፣ ከዚያ ይብቀሉ። እንግዲህ የዋግ የመጀመሪያ ቃሉ «ቆይ» ነው። እኔ በመጀመሪያው ሌሊት የሰማሁት ያንን ነው፤ ሞት መሰለኝ እንጂ።

በዚያው ሁለተኛ ስላይድ ላይ ሌላም ነገር ነበር። ጥግ ላይ ከሁለት ስፖር የወጡ ሁለት ክሮች ጎን ለጎን ይሄዳሉ። አንደኛው መንገዱን ሰብሮ ወደ ሌላው ዞሯል፣ ጫፉም የሌላውን ጎን ነክቷል። መሰላል ላይ እንዳለ እርከን፣ በሁለቱ መሃል ድልድይ ሆኗል። በትምህርት ቤት ማይክሮስኮፕ መነካካትና መዋሃድ አንድ ይመስላል። ውስጣቸው አንድ መሆኑን ለማወቅ ኒውክለሱን፣ ማለትም የዘር መረጃውን የያዘውን የህዋሱን እምብርት፣ የሚያደምቅ ቀለም ያስፈልጋል። በላቦራቶሪ ግን ይህ ታይቷል። የቅጠል ዋግ ስፖሮች ሲበቅሉ ክሮቻቸው ሲዋሃዱ፣ ኒውክለሶቹም ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሻገሩ በቀለም ተከታትለው አይተውታል። እኔ ያየሁት የዚያን መልክ ነው። ልጆቹን ጠርቼ በየተራ አሳየኋቸው። አንዷ ተማሪዬ «እንዴት አወቀ ጎኑ ሌላ እንዳለ? ዓይን የለው» አለችኝ።

ገደል ለገደል

ለዚህ ጥያቄ ጥሩ መልስ የሰጠው ዋግ አይደለም፣ ኒውሮስፖራ የሚባል ብርቱካንማ የዳቦ ሻጋታ ነው። ዋግ ሕይወት ያለው ተክል ካላገኘ አድጎ አይባዛም፤ ላቦራቶሪ ውስጥ ማጥናቱ ከባድ ነው። ኒውሮስፖራ ግን ስኳር፣ ጥቂት ማዕድንና አንድ ቫይታሚን ካገኘ ያድጋል። ቢድልና ቴተም የተባሉት ሳይንቲስቶች ጂን የሚሠራው ፕሮቲን በማሠራት መሆኑን ያሳዩት በዚሁ ሻጋታ ነው። በ1958 እ.ኤ.አ. ኖቤል አግኝተውበታል።

በ2009 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት በዚህ ሻጋታ ላይ የሚገርም ነገር አሳየ። ሁለት የበቀሉ ስፖሮች ተቀራርበው ሳለ እያንዳንዱ ለሌላው የኬሚካል መልእክት ይልካል። ሁለቱ ግን በአንድ ጊዜ አይልኩም። አንዱ ሲልክ ሌላው ይቀበላል። ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ባለ ጊዜ ውስጥ ተራው ይገለበጣል፣ ተናጋሪው አድማጭ ይሆናል። ተመራማሪዎቹ ይህን ያወቁት ሁለት ፕሮቲኖችን የሚያበራ ምልክት አስረው ነው። አንደኛው ፕሮቲን በአንዱ ክር ጫፍ ሲሰበሰብ፣ ሁለተኛው በሌላው ክር ጫፍ ይሰበሰባል። ከዚያ ይለዋወጣሉ። እየተለዋወጡ እየተጠጉ ይሄዳሉ፣ እስኪነካኩ።

የሰሜን ሸዋ ሰው ይህን በቀላሉ ይረዳዋል። ገደል ለገደል ሆኖ የተጣራ ያውቀዋል። አንተ ጮኸህ ዝም ትላለህ፣ ጆሮህን ትጥላለህ፣ ከማዶ መልሱ ይመጣል። ሁለታችሁም በአንድ ጊዜ ከጮኻችሁ የሚሰማው የገዛ ድምፅህ ነው። ሻጋታውም ችግሩ ያው ነው። ሁለቱም አንድ ዓይነት ናቸው፣ የሚልኩትም አንድ ዓይነት ነው። ተራ ካልገቡ እያንዳንዱ የራሱን መልእክት ከሌላው መለየት ያቅተዋል።

የጠላ እርሾ ይህን ችግር በሌላ መንገድ ፈትቶታል። እርሾ ሁለት ወገን አለው፣ ኤ እና አልፋ ይባላሉ። የኤው መልእክት የ12 አሚኖ አሲድ ሰንሰለት ነው፣ የአልፋው ደግሞ የ13። እያንዳንዱ የሚሰማው የሌላውን ወገን ብቻ ነው። ስለዚህ ተራ መጠበቅ አያሻቸውም። መልእክቱ የደረሰው ህዋስ መከፋፈሉን ያቆምና ወደ ድምፁ አቅጣጫ እንደ አቮካዶ ሾጠጥ ይላል። ከዚያ ይገናኛሉ።

ሲገናኙ የሚሆነው በሻጋታውም በእርሾውም ይመሳሰላል። መገናኛው ላይ ያለው የህዋስ ግድግዳ ይሟሟል። ከሥሩ ያሉት ስስ ሽፋኖች ይጣበቁና ይከፈታሉ። የአንዱ ፈሳሽ ወደ ሌላው ይፈስሳል፣ በሻጋታውም ኒውክለሱ ሳይቀር ይሻገራል። ሻጋታው በዚህ ብዙ ያተርፋል። አንዱ ክር ያገኘው ስኳር ሌላው ዘንድ ይደርሳል። ተለያይተው የበቀሉ ጥቃቅን ክሮች አንድ ሰፊ መረብ ይሆናሉ።

ግን ሁሉም አይገባም። ኒውሮስፖራ ቢያንስ አሥራ አንድ የመለያ ጂኖች አሉት። ሁለቱ የተዋሃዱት ህዋሳት በእነዚህ ካልተመሳሰሉ ውህደቱ ይከሽፋል። በክሩ ውስጥ ያሉት ቀዳዳዎች ይወተፋሉ፣ የተዋሃደውም ህዋስ በአንድ ሰዓት ውስጥ ይሞታል። ጨካኝ ይመስላል፤ ግን በተከፈተ በር ብዙ ነገር ይገባል። አውሮፓ ውስጥ ቼስትነት የሚባለውን ዛፍ የሚያደርቅ ፈንገስ በቫይረስ ይታመማል፣ ቫይረሱ የሚተላለፈውም ክሮቹ ሲዋሃዱ ነው። እዚያ የደን ሰዎች ቫይረስ ያለበትን ፈንገስ ሆን ብለው ዛፉ ላይ ያስቀምጣሉ፣ ዛፉም ይድናል። ለፈንገሱ ግን ጥፋት ነው። በሩን የሚጠብቀው ለዚህ ሳይሆን አይቀርም።

ይህን ለአጎቴ ስነግራቸው ወዲያው ሰባት ቤት ትዝ አላቸው። እኛ ልጅ ስንድር ሰባት ቤት እንቆጥራለን፣ ዘመድ እንዳይሆን። ፈንገስም ይቆጥራል፤ እሱ የሚቆጥረው ግን ባዕድ እንዳይሆን ነው። «ተገላቢጦሽ ነዋ» አሉ። አዎ፣ ተገላቢጦሽ ነው። አንዳንዴ ግን ባዕዱም ያልፋል። የአጎቴ ጥያቄ መልስ የሚጀምረው እዚህ ነው።

መቀናጆ

የዋግ ህዋስ ከእኛ ህዋስ በአንድ ነገር ይለያል። የእኛ አንድ ኒውክለስ ውስጥ የአባትና የእናት ክሮሞሶም አብሮ ይኖራል። ስንዴ ላይ ያለው የግንድ ዋግ ግን በእያንዳንዱ ህዋሱ ሁለት ኒውክለስ አለው። እያንዳንዳቸው 18 ክሮሞሶም ይይዛሉ። አይቀላቀሉም። እንደ ጥማድ በሬ ጎን ለጎን ሆነው አንዱን ህዋስ ይጎትታሉ። ህዋሱ ሲከፈል ሁለቱም ይከፈላሉ፣ ለልጁም ጥንዱ ይደርሰዋል።

በ1998 እ.ኤ.አ. ዩጋንዳ ውስጥ አዲስ የግንድ ዋግ ዝርያ ታየ። በሚቀጥለው ዓመት ተለይቶ ዩጂ99 ተባለ። ይህ ዝርያ ያሸነፈው ኤስአር31 የተባለውን የመከላከያ ጂን ነው። ጂኑ ራይ ከሚባል የስንዴ ዘመድ እህል የመጣ ነበር፣ በዓለም ላይም ብዙ ስንዴ በእሱ ተማምኖ ይዘራ ነበር። ዩጂ99 በ2001 ኬንያ፣ በ2003 ኢትዮጵያ ገባ። በ2006 የመን፣ በ2007 ኢራን ተገኘ። ያን ጊዜ ታዋቂው የስንዴ ተመራማሪ ኖርማን ቦርሎግ ዘጠና ዓመታቸውን አልፈው ሳለ እንኳ ዓለምን ያስጠነቅቁ ነበር።

ከየት መጣ? ለሃያ ዓመት ያህል ግልጽ አልነበረም። መልሱ የታተመው በ2019 እ.ኤ.አ. ኅዳር ነው። አጎቴ የተረፈውን ስንዴያቸውን ለማጨድ ሲዘጋጁ ማለት ነው። የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች ከአሜሪካና ከደቡብ አፍሪካ ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው የዩጂ99ን ሁለት ኒውክለሶች ለየብቻ አነበቡ። ከዚያ በ1954 አውስትራሊያ ውስጥ ከታየ፣ ከደቡባዊ አፍሪካ እንደመጣ ከሚታመን የቆየ ዝርያ ጋር አስተያዩት። ከሁለቱ ኒውክለሶች አንዱ በሁለቱም ዝርያ ውስጥ ያለ ነው፤ ያው ራሱ፣ ምንም ሳይቀላቀል። ሁለተኛው ግን የተለየ ነው።

ገበሬ ይህን ሲሰማ ስሙን ያውቀዋል። መቀናጆ ነው። አንድ በሬ ብቻ ያለው ሰው አንድ በሬ ብቻ ካለው ጎረቤቱ ጋር ይቀናጃል፣ ጥማድ ይሞላል፣ ያርሳሉ። በሬዎቹ አልተዋለዱም። ማን የማን እንደሆነ ይታወቃል። ጥንዱ ግን አዲስ ነው። ዩጂ99ም እንዲሁ ነው። የሁለት የተለያዩ ዝርያዎች ክሮች በአንድ ስንዴ ላይ ተገናኝተው ተዋሃዱ፤ ኒውክለስ ተሻገረ፤ ከአንዱ አንድ፣ ከሌላው አንድ ተጣመሩ። ጋብቻ የለም፣ የዘር መቀላቀል የለም። ግን ከሁለቱም የተለየ ጉልበት ያለው ጥማድ ወጣ። ስንዴው ዘብ አቁሞ የሚጠብቀው የድሮውን ጥማድ ነበር፣ አዲሱን አላወቀውም።

ከዚያ ወዲህ የቅጠል ዋግም ዝርያዎች በዚሁ መንገድ ኒውክለስ እንደሚለዋወጡ ተረጋግጧል። አንድ ጊዜ የደረሰ ያልተለመደ ነገር አይደለም ማለት ነው።

እንግዲህ የአጎቴ ማሳ። እዚያች ሁለት ጥማድ ላይ ሁለት ዋግ ተገናኝቶ አዲስ ዝርያ ተወለደ አልልም። ያን ማለት ውሸት ይሆናል። ዋግ የሚለወጥበት መንገድ ብዙ ነው። ጂኑ በራሱ ጊዜ ይለወጣል። በርበሪስ በሚባል ቁጥቋጦ ላይ በጋብቻ ይዋለዳል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ከሌላ አገር በነፋስ ይመጣል። በ2006 ዓ.ም. መኸር ባሌና አርሲ ላይ ዲገሉ የሚባለውን ስንዴ ያረገፈው ዝርያ ከዩጂ99 ወገን አልነበረም። ዲገሉ ዩጂ99ን ይቋቋም ነበር፣ ሌላው መጥቶ ጣለው። በአጎቴ ማሳ ላይም የሆነው ይህ ሳይሆን አይቀርም፦ አዲስ ዝርያ በነፋስ ደረሰ፣ ስንዴውን ዘብ የሌለው ሆኖ አገኘው። ለጥያቄያቸው መልሱ ግን በሁሉም መንገድ አንድ ነው። ስንዴው አልተለወጠም። የተለወጠው ዋጉ ነው።

መቀናጆውን ያነሳሁት ለዚያ የታችኛው ዳር ስል ነው። ክሮች እንዲዋሃዱ መጀመሪያ መገናኘት አለባቸው። ዋግ ሕይወት ካለው ተክል ውጭ ስለማያድግ፣ የሚገናኘው እንደ ስንዴ ባለ ለምለም ተክል ላይ ነው። መኸሩ ታጭዶ መሬቱ ሲደርቅ ዋጉም አብሮ ያልቃል። ሽንኩርት መደብ ዳር በመስኖ ውሃ ለምልሞ የሚከርም ስንዴ ካለ ግን ከዓመት ዓመት ይሻገራል። ካለፈው ዓመት የተረፈው ዋግና ዘንድሮ በነፋስ የመጣው አንድ ቅጠል ላይ ማረፊያ ያገኛሉ። ማንም ሳያያቸው ገደል ለገደል የሚጣሩበት ቦታ ያ ነው። ማስታወሻዬን መልሼ ሳየው ያሳሰበኝ ይህ ነው።

የተደረገው

በመጀመሪያው ሰኞ፣ ጥቅምት 3፣ አጎቴ ቲልት የሚባል የዋግ መድኃኒት ገዝተው ረጩ። መጠኑ ለሄክታር ግማሽ ሊትር ነው፣ ለእሳቸው ሩብ ሊትር። ዘግይቷል። አገዳው ላይ የወጣው ቁስል አይድንም፤ መድኃኒቱ የሚጠብቀው ገና ያልተነካውን ነው። ኅዳር መጨረሻ ላይ ታጨደ። 6 ኩንታል ገባ። ፍሬው ቀጭጮ ስለነበር ገበያ ላይም ዋጋው ወረደ። የአጎቴ ባለቤት ጥቂቱን ለንፍሮ አስቀርተው የቀረውን ለዶሮ አሉት። እኔ ላይ ማንም ቂም አልያዘም። ያቺን «ም» ግን አሁንም ድረስ አስባታለሁ።

ሌላም ያጎደልኩት አለ። ናሙናውን ለልማት ሠራተኛው አድርሼ፣ የዋግ ዝርያ ወደሚለይበት ወደ አምቦ የምርምር ማዕከል እንዲላክ ማድረግ ነበረብኝ። በማይክሮስኮፑ ተወስጄ ናሙናው አለፈብኝ። አንድ ማሳ ላይ የታየ አዲስ ዝርያ በጊዜው ቢታወቅ የሚጠቀመው አንድ ማሳ ብቻ አይደለም።

በሚቀጥለው ግንቦት አጎቴና ጎረቤቶቻቸው ተስማምተው የሽንኩርቱን መደብ ዳር ዞሩ። ሳይዘራ የበቀለውን ስንዴ ሁሉ ነቅለው ለከብት ሰጡ። ግማሽ ቀን ነው የፈጀው። ዘሩንም ለወጡ። ከኅብረት ሥራ ማህበር ሁለት ዓይነት ስንዴ አምጥተው ማሳውን ከሁለት ከፈሉት፤ አንዱ ቢወድቅ ሌላው እንዲተርፍ። ከነሐሴ ጀምሮ በሳምንት ሁለቴ፣ ጤዛው ሳይደርቅ፣ አገዳውን እያገላበጡ ያዩ ነበር።

መስከረም 12 ቀን 2013 ዓ.ም. ማታ ስልኬ ጮኸ። ሰላምታ የለም።

«አገዳው ላይ ነው» አሉ አጎቴ። «ሁለት ቦታ። በታችኛው ዳር። ቅጠሉ ላይ የለም። መድኃኒቱ ቤት አለ፣ ነገ ጠዋት ነፋሱ ሳይነሳ እረጫለሁ። አንተ ናሙናውን መጥተህ ውሰድ፣ በወረቀት ጠቅልዬዋለሁ።»